የአክስቴ ጣቶችና የወተት ቆርቆሮው

አክስቴ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፊ ስል የስፌት መኪና ትነዳለች ማለቴ አይደለም፤ የእሷ ሥራ በእጅ ነው። ቀሚሱ ተቆርጦ፣ በመኪና ተገጣጥሞ፣ ተተኩሶ ካለቀ በኋላ ወደ እሷ ይመጣል። ደረቱ ላይ ዶቃ የምትደረድረው፣ እጅጌው ላይ ዳንቴል የምታሳርፈው፣ ጫፉን ዓይን በማያየው ስፌት የምትከፍፈው እሷ ናት። እንዲህ ስትሠራ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ በአንድ ቤት፣ በአንድ መስኮት ሥር።

እኔ የታላቅ እህቷ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ሦስት ዓመት እሷ ዘንድ ስለኖርኩ ከእናቴ እኩል አውቃታለሁ። አንቱ ስትባል አትወድም። «ገና ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ አታስረጂኝ» ትላለች። ስለዚህ አንቺ ነው የምላት።

የልብስ ቤቱ አንድ ፎቅ ላይ ሦስት ክፍል ነው። መጀመሪያ የመቁረጫው ክፍል፣ ቀጥሎ የመኪናዎቹ፣ መጨረሻ የእጅ ሥራው። የእጅ ሥራው ክፍል ሲገቡ ጫማ ይወልቃል። ወለሉ በቀን ሁለት ጊዜ ይወለወላል። በሩ ላይ «ቅባት፣ ሻይ፣ እስክሪብቶ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ የጻፈችው ራሷ አክስቴ ናት። ሳቲን ላይ የቅባት ጠብታ ካረፈ ጨርቁ ሞተ ማለት ነው፤ ቢታጠብ አይለቅ፣ ቢሸፈን አይደበቅ። ስለዚህ እሷ ጠዋት ፊቷን እንኳን ሳትቀባ ነበር ከቤት የምትወጣው።

ችግሩ የጀመረው በአንድ የሺፎን ቀሚስ ነው። ሺፎን ስስ ጨርቅ ነው፤ ትንሽ ሻካራ ነገር ከነካው ክሩ ይመዘዛል። አንድ ቀን ከሰዓት በፊት አክስቴ የቀሚሱን ሽንሽን ስታስተካክል የቀኝ አመልካች ጣቷ ጨርቁን ያዘ አደረገው። መርፌ መስሏት ፈለገች፤ መርፌ የለም። ጣቷን አገላብጣ አየችው። ጫፉ ላይ እንደ ደረቅ ጭቃ የተሰነጠቀ ነገር ነበር። ጨርቁ ላይ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ተጋድሟል። የዚያን ዕለት መስመሩ ላይ ሦስት ዶቃ ሰፍታ ሸፈነችው። ማንም አላወቀም።

በሳምንቱ እንደገና መዘዘች። በወሩ ሦስተኛ ጊዜ። ዶቃ ደግሞ ሁሉ ቦታ አይሰፋም።

የልብስ ቤቱ ባለቤት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሴት ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ሦስተኛውን ቀሚስ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው ሄዱና ገለጥ አድርገው አዩት።

«ይህንን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እጅሽን አሳይኝ።»

አሳየቻቸው። መዳፏን ይዘው በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ግን የሰው ልጅ ለሠርጉ የሚለብሰው ልብስ እጃቸው ላይ ነው።

«እስኪሻልሽ አዝራርና ገበር ያዢ» አሏት። «መስኮቱ ሥር አዲሷ ትቀመጥ።»

አዲሷ የሚሏት ከሌላ ልብስ ቤት የመጣች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ዝምተኛ ሰፊ ናት። አክስቴ የመርፌ ትራሷን አንስታ ወደ ጓዳው ጠረጴዛ ሄደች። ቤት ስትገባ ለባሏ «ዛሬ ቦታ ቀየሩን» ብቻ ነው ያለችው።

ለእጇ ያልሞከረችው አልነበረም። ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን፣ የወይራ ዘይት። ስትተኛ እየተቀባች ጓንት ታጠልቃለች፤ ጠዋት ለስልሶ ይነሳል፤ ሥራ ቦታ ገብታ ቅባቱን በሳሙና ስታስለቅቅ ተመልሶ ይደርቃል። በቀን አራቴ ትታጠባለች። በታጠበች ቁጥር ይሰነጠቃል። ክርኗና ተረከዟም እንደዚያው ሆነ። ቅንድቧ ዳር ዳሩን ሳስቶ በእርሳስ ትስለው ጀመር።

እዚህ ላይ ፀጉር ሠሪዋ ትመጣለች። ከአክስቴ ቤት ሁለት በር አለፍ ብሎ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ የማያልቅ ወሬ። ሰው ስትረዳ ደስ የሚላት ዓይነት ሴት ናት፤ ሳይጠይቋት ትመክራለች፣ ሳይለምኗት ታበድራለች። የአክስቴን ፀጉር እያጠበች የሆነውን ሁሉ ሰማችና እጇን ከአረፋው ውስጥ አወጣች።

«እታለም፣ አንቺ ከላይ ከላይ ነው የምትቀቢው። ቆዳ የሚደርቀው ከሥር ነው። ኮላጅን ውሰጂ።»

«ምንድነው እሱ?»

«ቆዳን ወጥሮ የሚይዝ ነገር ነው። በልጅነት ሞልቶናል፤ ዕድሜ ሲገፋ እያለቀ ይሄዳል። ይኼኛው ከዓሣ ቆዳ የተሠራ ዱቄት ነው። ጠዋት አንድ ማንኪያ ትበጠብጪና ትጠጫለሽ። ሦስት ወር ታገሺው።»

አክስቴ በዋዛ የምትታለል ሴት አይደለችም። ገበያ ስትወጣ ሎሚ እንኳን አንድ በአንድ ጨምቃ ነው የምትገዛው። ግን ነገሩን ስታሰላስለው ልክ ሆኖ አገኘችው። ከውጪ ብትቀባ ጨርቅ ያበላሽባታል፤ ከውስጥ የሚሠራ ነገር ግን ሳቲን አያቆሽሽም። ከእሷው አንድ ቆርቆሮ ገዛች። ላዩ ላይ የአንዲት ሴት ጉንጭና የውሃ ጠብታ ተስሏል።

ቤት ይዛው ልትገባ ስትል አፈረች። በሃምሳ አንድ ዓመቷ የቁንጅና ዱቄት ገዛች ሊባል ነው። ባሏ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ «ጸጥታ» ሲል ስለሚውል ቤት ሲገባ ቀልዱን አይችለውም። እሱ አፍ ውስጥ ከመግባት ይሰውረኝ ብላ እዚያው ፀጉር ሠሪዋ ሱቅ ውስጥ ዱቄቱን ወደ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ገለበጠችና የራሱን ቆርቆሮ እዚያው ጥላ ወጣች።

አጎቴ ሻይ በወተት ይወዳል። የቤቱ የዱቄት ወተት ሲያልቅ መደርደሪያው ላይ ሌላ ቆርቆሮ አገኘ። ለሁለት ሳምንት ያንን በሻይ ሲጠጣ ከረመ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ፣

«ይኼ ወተት ዓሣ ዓሣ አለኝ» አላት። «ላሟ ምን እየበላች ነው?»

አክስቴ ቆርቆሮውን ስታየው ከግማሽ በታች ወርዷል። ለእጇ ስትቆጥብ የኖረችው ዱቄት በሰውየው ሆድ ገብቷል። መናገር ግድ ሆነባት። እሱ ስቆ ስቆ ሲበቃው ለማንም እንዳይናገር አስማለችው። ማለላት። ሌላ ቆርቆሮ ገዛች፤ እንደ በፊቱ ገልብጣ አሁን ከልብሷ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

ሁለት ወር ሆነ። ፀጉር ሠሪዋ «ጉንጭሽ ሞላ ሞላ ብሏል» አለቻት። እውነትም ፊቷ ሞላ ብሎ ነበር። አክስቴ መስተዋት ፊት ቆማ ተስፋ አደረገች። እጇ ግን እንደዚያው ነው። ጓዳው ውስጥ ተረፈ ጨርቅ ላይ ጣቷን እያሳለፈች ትሞክራለች፤ በያዛት ቁጥር ጨርቁን አጣጥፋ ኪሷ ትከታለች፣ ማንም እንዳያይባት።

ሌላም ነገር ነበር፤ ግን አንድ ላይ ደምሮ ያየው ሰው አልነበረም። በሙቀት ወር ሹራብ ትደርባለች። አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ ይዟት ሁለት ፌርማታ አልፋ ትወርዳለች። የቀሚሷ ወገብ ጠበበ። ድሮ በአንድ እስትንፋስ የምትወጣውን ደረጃ መሐል ላይ ቆማ ታርፋለች። ስንጠይቃት «ዕድሜ ነው» ትላለች፤ እኛም ዕድሜ ነው አልን። ሰው ዕድሜ ካለ በኋላ ጥያቄ አይጠይቅም።

እኔን ያነቃኝ ስልክ ነው። የምሠራው መድን ድርጅት ውስጥ ነው፤ በምሳ ሰዓት ደወልኩላት።

«አጎቴ፣ ስልኩን ለአክስቴ ስጥልኝ» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለችኝ።

ድምጿ ወፍሮ፣ ሻክሮ፣ የሰውዬ ድምፅ ሆኗል። ጉንፋን ይዟት እንደሆነ ጠየቅኩ። አልያዛትም። እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው ስላት «እኔ ምኑን አውቃለሁ፤ የራሴን ድምፅ አልሰማ» አለች። በማግሥቱ ፈቃድ ወስጄ ወደ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ለድካሟና ለድምጿ ነው እንጂ ለእጇ አላልናትም፤ ለእጇ ብንል «እሱማ እየታከመ ነው» ብላ እምቢ ትለን ነበር፤ በምን እየታከመ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም ነበር።

ሐኪሟ ቀጭን፣ ንግግሯ ረጋ ያለ ወጣት ናት። አክስቴን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። እጇን ይዛ የልቧን ምት ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። አንገቷን በሁለት እጇ ዳሰሰች። «ዋጥ ያድርጉ» አለቻት። ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ፣

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለች።

«የለም።»

«ቪታሚን? የባህል መድኃኒት? ማንኛውም ነገር?»

«ምንም።»

አክስቴ ይህንን ስትል እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ዓይኗን እንኳን አልሰበረችም።

ደም ሰጠች። በማግሥቱ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። አንገት ላይ ታይሮይድ የሚባል ዕጢ እንዳለ፣ የሰውነትን ፍጥነት የሚቆጣጠረው እሱ እንደሆነ ነገረችን።

«ወረቀቱ የእርስዎ ዕጢ ከመጠን በላይ እየሠራ ነው ይላል» አለች። «እንዲህ የሆነበት ሰው ይሞቀዋል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይሮጣል፣ ይከሳል። እርስዎን ግን ይበርድዎታል፣ ልብዎ ቀስ ብሎ ነው የሚመታው፣ ቆዳዎ ደርቋል፣ ኪሎም ጨምረዋል። ወረቀቱ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ነው የሚመስለው።»

ናሙና ተቀያይሮ ይሆናል ብላ እንደገና ደም አስወሰደች። ለውጤቱ ስንሄድ አጎቴም አብሮን መጣ፤ ሁለት ጊዜ ደም የተወሰደላት ሴት ጉዳይ ቀላል አይደለም ብሎ። መንገድ ላይ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆንብን» ሲል አክስቴ «እንቅርት የለብኝም፤ አታሟርት» አለችው።

ሁለተኛው ወረቀት ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆነ። ሐኪሟ ስልክ አንስታ ወደ ላቦራቶሪ ደወለች። ሽበት ያለው የላቦራቶሪ ባለሙያ ራሱ ወደ ክፍሉ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«እናቴ፣ ለፀጉር ወይም ለቆዳ ብለው የሚወስዱት ነገር አለ?» አላት።

«የለም» አለች አክስቴ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አነሳች። ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንደምትልካት፣ እዚያ ዕጢውን የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት ሊጀምሩላት እንደሚችሉ ተናገረች። ስትናገር ደስ እንዳላላት ያስታውቃል። መጻፍ ጀመረች።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዱቄቱስ?» አለ።

አክስቴ ዞራ አየችው። ያ አተያይ ሌላ ቦታ ቢሆን ሰው ያስወጣል።

«ምን ዱቄት?» አለች ሐኪሟ።

«ኮላጅን ነው የሚሉት። እኔ እንኳን በሻይ ሁለት ሳምንት ጠጥቼዋለሁ። የሚያመጣው ነገር ካለ እኔንም አብራችሁ መርምሩኝ።»

«ምለህልኝ ነበር» አለችው አክስቴ በዚያ በሻከረው ድምጿ።

«ምያለሁ። ግን ይኼ ነገር ወደ ሌላ መድኃኒት ሊያስገባሽ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም? መሐላዬን እኔ ከፈጣሪዬ ጋር እጨርሰዋለሁ።»

የላቦራቶሪው ሰውዬ ፈገግ ብሎ ነበር፤ የጠፋበትን ቁልፍ ያገኘ ሰው መሰለ።

«ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ማየት እንችላለን?» አለ።

ቆርቆሮው ግን የወተት ነው። የዱቄቱ የራሱ ቆርቆሮ የቀረው ፀጉር ሠሪዋ ጋ ነው። አክስቴ እዚያው እንደተቀመጠች ሁሉንም ተናገረች፤ ስለ ሺፎኑ፣ ስለ ጓዳው ጠረጴዛ፣ ቆርቆሮውን ስለገለበጠችበት ምክንያት። ሐኪሟ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ የአክስቴን እጅ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ጣቶቿን አንድ በአንድ ተመለከተች።

«ይህንን መጀመሪያ ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር» አለች። «ግን የሚያሳፍር ነገር አላደረጉም። እንጀራዎ እኮ እጅዎ ነው።»

ከክሊኒኩ ወጥተን በቀጥታ ፀጉር ሠሪዋ ሱቅ ሄድን። አጎቴ ውጪ ቀረ፤ አክስቴ ገና አላናገረችውም። ፀጉር ሠሪዋ የአንዲትን ደንበኛ ፀጉር ጠቅልላ ካስክ ሥር አስገብታ ነበር። አክስቴ የመጣችበትን ስትነግራት ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ።

«እኔ ላሳምምሽ ነው የሰጠሁሽ? እታለም፣ እኔ ራሴም እኮ እወስደዋለሁ።»

«ማን አንቺን ከሰሰ» አለች አክስቴ። «ቆርቆሮውን ብቻ አሳይኝ።»

ጽሑፉ ከጉንዳን ያነሰ ነው። በስልኬ ፎቶ አንስቼ አሰፋሁት። ከዓሣ የተወሰደ ኮላጅን፣ ቪታሚን ሲ፣ ከዚያ ሦስተኛው መስመር ላይ ባዮቲን የሚል አገኘሁ፤ አሥር ሚሊግራም። ፎቶውን ለሐኪሟ ላክኩላት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደወለችልኝ።

ኮላጅኑ ምንም አላደረገም አለች። ነገሩ ያለው ከሱ ጋር የተቀላቀለው ባዮቲን ላይ ነው። ባዮቲን ቪታሚን ነው፤ ሰውን አይመርዝም፤ ግን በዚህ መጠን ሲወሰድ አንዳንዶቹን የደም መመርመሪያ መሣሪያዎች ያሳስታል። ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ አድርገው እንዲያነቡ ያደርጋቸዋል። የላቦራቶሪው ባለሙያ የጠረጠረው ይህንን ነበር። አክስቴ ዱቄቱን አንድ ሳምንት አቁማ ሦስተኛ ጊዜ ደም እንድትሰጥ አዘዘች።

አቆመች። ሳምንቱ ሲሞላ ሰጠች። ሦስተኛው ወረቀት ከሴትዮዋ ጋር ተስማማ፤ ዕጢው ከመጠን በላይ መሥራቱ ቀርቶ ጭራሽ ሥራ ሊያቆም ደርሶ ነበር። ብርዱም፣ እንቅልፉም፣ ድምፁም፣ የፊቱ መሙላትም፣ የቅንድቡ መሳሳትም፣ የቆዳው መድረቅም የመጣው ከዚያ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ያደነቀችው ጉንጭ እብጠት ነበር።

«ትልቁ ሆስፒታል ሄጄ ያ የሚያቀዘቅዘው መድኃኒት ቢሰጠኝስ ኖሮ?» አለች አክስቴ።

«እየደከመ ያለውን ጨርሰን እናስቆመው ነበር» አለች ሐኪሟ። «መጨረሻው መታወቁ አይቀርም፤ ግን እስኪታወቅ ድረስ በጣም ይጎዱ ነበር።»

አክስቴ ያን ዕለት መንገድ ላይ ከባሏ ጋር ታረቀች። ያስታረቀቻቸው ሐኪሟ ናት ማለት ይቻላል። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጠችና «ምሎ የሚያፈርስ ባል ይኑረኝ» አለች፤ እሱም «አለሽ» አላት፤ አለቀ።

ሐኪሟ ያዘዘችው ትንሽ ነጭ ክኒን ነው። ጠዋት ባዶ ሆድ በውሃ ይዋጣል፤ ከዚያ ቁርስ እስኪበላ አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ምናልባት ዕድሜ ልክ ትወስደዋለች። አክስቴ ዕድሜ ልክ የሚለውን ስትሰማ ትንሽ ከፋት። አጎቴ «እኔንም ዕድሜ ልክ ነው የወሰድሽኝ፤ ምን ሆንሽ?» አላት።

ስለ ኮላጅኑም ጠየቀች። ጨርሶ ልተወው ወይ አለች። ሐኪሟ የመለሰችላትን ወደድኩት፤ አላጣጣለችውም፣ አላሞገሰችውምም። አንዳንድ ጥናት ደረቅ ቆዳን በመጠኑ ያለሰልሳል ይላል፣ አንዳንዱ ያን ያህል ለውጥ አላየሁም ይላል፤ የሚሞክር ሰው ቢሞክር አልቃወምም፤ የእርስዎ ቆዳ የደረቀው ግን በሌላ ምክንያት ስለሆነ ከእሱ ብዙ አይጠብቁ፤ የሚወስዱ ከሆነም ባዮቲን የሌለበትን ይምረጡ፣ ደም ከመስጠትዎ በፊትም ይንገሩኝ። አክስቴ አስባበት ተወችው። የቀረችውን ዱቄት ግን አጎቴ ጨረሳት፤ ጉልበቴን አሻለኝ ይላል። እውነት ይሁን ሰበብ አይታወቅም፤ ድሮም ጉልበቱ የሚያመው ዕቃ ተሸከም ሲባል ነው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሹራቡን አወለቀች። በአምስተኛው ሳምንት የራሷ ድምፅ ተመለሰ። ቆዳዋ ግን ዘገየ። ሐኪሟም ወራት ይፈጃል ብላታለች። በየማታው መቀባቷን ቀጠለች፤ ልስላሴው አሁን ጠዋት ቅባቱ ሲታጠብ አብሮ አይሄድም፤ ቆዳው ትንሽ ትንሽ መያዝ ጀመረ። ሐኪሟ ሳሙናውንም አስቀየረቻት፤ ጠረን የሌለው፣ የማያደርቅ ሳሙና ገዛች።

ለእትዬ የነገረቻቸው በሁለተኛው ወር ነው። ገበር እየቆረጠች ሳለ እትዬ ጓዳ ሲገቡ ቆማ ሁሉንም ዘረገፈችው። እትዬ ሰምተው ሲጨርሱ ከፊቷ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሠራተኛ ፊት ሲቀመጡ አይታ አታውቅም ነበር።

«እኔ እጅሽን ብቻ ነው ያየሁት» አሉ። «ድምፅሽ ሲለወጥ እየሰማሁ፣ ደረጃው ላይ ስታርፊ እያየሁ፣ እጅሽን ብቻ። አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የማልረባ መስዬ እንዳልታይ፣ እትዬ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተሽ?»

እትዬ ሲነሱ፣ «ሲሻልሽ ቦታሽ ይመለስልሻል» አሏት።

በአምስተኛው ወር አንድ ቀን ጓዳ ውስጥ የሺፎን ቁራጭ አንስታ አሥሩንም ጣቶቿን አሳለፈችበት። ዘጠኙ አለፉ። የቀኝ አውራ ጣት ብቻ ያዘ። ቁራጩን ይዛ በቀጥታ ወደ አዲሷ ሄደችና አሳየቻት።

«ዘጠኝ አልፏል» አለች።

አዲሷ ጨርቁን ተቀብላ አየች። ከዚያ መቀመጫዋን ገፋ አድርጋ፣ «እዚህ ለሁለት ይበቃል፤ ብርሃኑ ሰፊ ነው» አለች። ከመጣች ጀምሮ ለአክስቴ የተናገረችው ረጅሙ ነገር ይኸው ነበር። አክስቴ ቦታዬን መልሺ ልትላት አስባ እንደሆነ ጠይቄያት «አስቤ ነበር» አለችኝ። «ግን ሴትየዋ ምን በደለችኝ? እሷም እጅ ነው ያላት።» ስለዚህ ሁለቱም መስኮቱ ሥር ሆኑ። አክስቴ አውራ ጣቷ ላይ የጨርቅ ቆብ አጠለቀች።

ፀጉር ሠሪዋ ዱቄቱን መሸጧን አልተወችም፤ ግን አሁን ለሚገዛት ሁሉ «ደም ልትሰጪ ከሆነ ለሐኪም ንገሪ» ትላለች። ስትናገር የአክስቴን ታሪክ ከነቆርቆሮው ታወራዋለች፤ አክስቴ መጀመሪያ ተናደደች፣ ኋላ ተወችው። አክስቴ ራሷም በየስድስት ወሩ ደም ልትሰጥ ስትሄድ ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ሳትጠየቅ ትዘረዝራለች፤ ክኒኑን፣ የሳል ከረሜላውን፣ ትናንት የጠጣችውን ዝንጅብል። ሽበታሙ ሰውዬ «ይበቃል እናቴ» እስኪላት ድረስ።

ባለፈው ወር ልብስ ቤቱ ወደ ኋላ አራት ሜትር የሚጎተት ቀሚስ ታዘዘ። ዙሪያው በሙሉ በእጅ መከፈፍ ነበረበት። አክስቴና አዲሷ ጨርቁን ወለሉ ላይ በተነጠፈ አንሶላ ላይ ዘረጉት፤ አንዷ ከግራ፣ አንዷ ከቀኝ ጀመሩ። አምስት ቀን አንገታቸውን ደፍተው ሠሩ፤ በስድስተኛው ቀን መሐል ላይ ጉልበታቸው ተነካካ። እትዬ መጥተው ጫፉን ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ተከተሉት፤ የማን ስፌት የት እንዳበቃ አላገኙትም።

«አንቺስ ታውቂዋለሽ?» አልኳት አክስቴን።

«አውቀዋለሁ» አለች። «የእሷ ትንሽ ጠበቅ ይላል። ቦታው ለሁለታችንም መሆኑን ገና አላመነችውም።»